የአባ አውራ ጣት

ታኅሣሥ 5 ቀን 2018፣ ኮምቦልቻ

ሽማግሌዎቹ ትናንት ተመለሱ።

ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ ነጂባ "ሌሊቱን ሙሉ እኔን ከምትነዘንዢ ጻፊው" ብላ ይህን ደብተር ወረወረችልኝ። እንግዲህ ደብተሩ ይነዝነዝ። ከመጀመሪያው ልጀምርለት።

ጁነይድ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አባቱ ሲሞቱ አቋረጠና በአባቱ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠ። የጃኬቴን ዚፕ ሊቀይርልኝ ተቀብሎ "ነገ ነይ" ይለኛል፤ ነገ ስሄድ ደግሞ "ነገ ነይ" ይለኛል። ጉዳዩ የዚፕ አለመሆኑ ኋላ ላይ ገባኝ። ትናንት አጎቱን አያ ዘካሪያን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቢስቲማ፣ አባቴ ዘንድ ላካቸው። አባም ተቀብለው፣ አብልተው፣ መርቀው መለሷቸው። "በእጄ ያለውን ነው የምሰጠው። ጊዜው ገና ነው" አሉ አሉ።

መጀመሪያ መመለስ ወግ ነው። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን የጣለ ይመስላል። ለጁነይድም "አብሽር፣ ወግ ነው" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ግን ሻርፔን ፊቴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። "በእጄ ያለውን" ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የት ሄጄ ነው በእጃቸው የሌለሁት?

ታኅሣሥ 9

ሳሙና ፋብሪካው፣ የጠዋት ፈረቃ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ቆመ። እጄን አምስት ጊዜ ብታጠብ ያው ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሳሙና በምን ይታጠባል?

እማ ደወለች። አባ ደህና ናቸው? ደህና ናቸው። ስለ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ? "አባትሽን ታውቂው የለ፣ ዝም ብሎ በሬውን ያያል" አለችኝ። በሬውን ማየት ምን አመጣው? ካርዷ አልቆ ተቋረጠ።

ታኅሣሥ 14፣ ማታ

ዛሬ ሰርቪስ ውስጥ ምላሴን ነክሼ ዋልኩ።

የፈረቃ አለቃችን ጋሼ ሸዋዓለም ልጃቸውን የግል ኮሌጅ ያስተምራሉ። ክፍያው ደርሶባቸው ኖሮ ከሐርቡ መታጠፊያ ጀምረው እስከ ፋብሪካው በር ሲያማርሩ መጡ። "የኔን ደመወዝ በየሴሚስተሩ ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል። የመንግሥት የገባው ግን በነጻ በልቶ፣ በነጻ ተኝቶ፣ በነጻ ተምሮ ይወጣል። ይሄ ፍርድ ነው?"

አጠገቤ ካርቶን የምታሽገው አልጣሽ "ኧረ በነጻ አይደለም ጋሼ፣ ወንድሜ ዕዳ አለበት" አለቻቸው።

"እሱማ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ነው።"

"ሥራውን ማን አስያዘውና!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እዚያ መኪና ውስጥ ኬሚስትሪ የተመረቀች ልጅ እንዳለች ማንም አያውቅም። ስቀጠር ዲግሪዬን ደብቄ አሥረኛ ክፍል ነኝ ብያለሁ፤ ለማሸጊያ የተመረቀ አይወስዱም፣ "ነገ ጥሎን ይሄዳል" ይላሉ። ለቢሮ ሥራ ደግሞ ኦርጅናሉን አምጪ ይላሉ። ኦርጅናሉ ዩኒቨርሲቲው ጋ ነው፤ የወጪ መጋራቱ ተከፍሎ እስኪያልቅ አይሰጡኝም። ለመክፈል ሥራው፣ ለሥራው ወረቀቱ። ላም አለኝ በሰማይ!

በነጻ ይላሉ ደግሞ። ውሉን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የትምህርቱ ድርሻ፣ የመኝታው፣ የምግቡ። መኝታው ተደራራቢ አልጋ፣ ምግቡ ሽሮ። ለዚያ ሽሮ የተቆጠረብኝን ገንዘብ ዛሬ ይዤ ገበያ ብወጣ ሰርቪሱን ሙሉ እቀልብበታለሁ። አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለው ይላል ውሉ። አስቀድሞ የሚከፍለው ማነው? ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ አባቷ መጋዘን ነበረው፤ ከፈለላት፣ ተቀነሰለት፣ በምርቃታችን ሳምንት ኦርጅናሏን ይዛ ሄደች። እኔ የሌለኝ ሙሉውን እከፍላለሁ። የበላነው ግን ያንኑ ሽሮ ነበር።

ደግሞ ጋሼ ሸዋዓለምም አልተሳሳቱም። ልጃቸው ዛሬውኑ ስትከፍል እኔ ተመርቄ እስክወጣ አምስት ሳንቲም አላወጣሁም። ያበደረኝ ባይኖር ቢስቲማ ቀርቼ ነበር። አልከፍልም አላልኩም እኮ! ያበደረኝ ሰው የምሠራበትን እጄን አስሮ ለምን አትከፍይም ሲለኝ ነው የሚያንገበግበኝ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ደሴ ወጣሁ። ብርዱ! ኮምቦልቻ በሸሚዝ ተሳፍሬ ደሴ ስወርድ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ለጁነይድ የሰርቪሱን ወሬ ነገርኩት። ስለ ሽሮው ስነግረው ሳቀ፤ ሲስቅ ደስ ይላል። ቀጥዬ ስለ ዕዳው ሳወራ ግን አንገቱን ደፍቶ መርገጫውን ይረግጥ ጀመር። የሚሰፋው ሱሪ አልነበረም፣ ቁራጭ ጨርቅ ነበር። በባዶ ጨርቅ ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ምንም። ዕዳ መጥፎ ነው" አለ።

በቃ ይኼው ነው መልሱ። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር። ምን ዕዳዬን ፊቱ ላይ ዘረገፍኩት? ሰው ሚስት ሊያገባ ሲያስብ የሽሮ ዕዳ ይነገረዋል? እሱ እኮ በቀን የሰፋትን ነው የሚበላው። አሁን ቁጭ ብሎ እያሰላኝ ይሆናል።

ታኅሣሥ 26

አባ ራሳቸው ደወሉ። አባ ስልክ አይወዱም፤ ከጣሀ ሱቅ ነው የደወሉት። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ።

"አባ፣ አሉ?"

"አለሁ። እነዚያ ሰዎች ምን አሉሽ?"

"እነማን?"

"መንግሥት።"

"ኧረ ምንም አላሉኝ! ምን ይሉኛል?"

"እህ። አላለቀም ማለት ነው" አሉና አላህ ያግዝሽ ብለው ዘጉት። የፋብሪካውን ቋሚ ቅጥር ማለታቸው መሰለኝ። አሁንም ቋሚ አላደረጉኝም። አባ ደግሞ ሥራ ካልጸናልኝ አይድሩኝም ማለት ነው? ወይስ ሥራው ሰበብ ነው?

ጥር 3፣ እሑድ

ሁለተኛውም ተመለሰ።

አያ ዘካሪያ ተቀይመዋል። "እኛ ለማኝ አይደለንም" አሉ አሉ። ከረመዳን በፊት ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳሉ፤ ከተመለሱ ሌላ ቤት ያንኳኳሉ። እንዲያውም የማንን ቤት እንደሚያንኳኩ ስሟን ጠርተው ነግረውታል። ጁነይድ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። "አባትሽ ንቀውኛል?" አለኝ።

"ወላሂ እንዲህ ያለ ቃል ካፋቸው አልሰማሁም" አልኩት። እውነት ነው፣ ካፋቸው አልሰማሁም። ከጎረቤት ግን ሰምቻለሁ። "የተማረች ልጅ ለልብስ ሰፊ ይድራል? አቻዋ ነው?" ይላሉ ቢስቲማ። አባም ይህንኑ ቢያስቡስ? ዲግሪዬ ለሥራ አልሆነኝ፣ አሁን ደግሞ ከማገባው ሰው በላይ አድርጎ ሊሰቅለኝ ነው?

ነጂባ "ተነሽ ብይ" አለችኝ። አልበላሁም። ራቴን እሷ በላችው።

ጥር 6

ላቦራቶሪ ሰው ይፈልጋሉ! ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ። ኬሚስትሪ። መስፈርት፦ ኦርጅናል ዲግሪ።

ቆሜ ሳነብ ጋሼ ሸዋዓለም ከኋላዬ መጡ። "አሥረኛ ክፍል ይህን ሁሉ ምን ያፈዝዘዋል?" አሉኝ። ደነገጥኩ። "ሂጂ አመልክቺ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ መሆንሽን ካወቅሁ ቆየሁ፤ ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲ ባወራ ቁጥር ፊትሽ ቲማቲም ይመስላል።"

ላመልክት? በምን ወረቀት?

ጥር 10፣ እሑድ፣ ቢስቲማ

ሌሊቱን እዚህ አድሬ ነገ ከጸሐይ በፊት እመለሳለሁ። መጥፎ ነገር ሠርቻለሁ።

የመጣሁት በሰላም ልጠይቃቸው ነበር። ምሳ በልተን አባ ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ ከደጅ ጠበቅኳቸው። "አባ፣ ጁነይድ ምን ጎደለው?" አልኳቸው።

"ማን ጎደለው አለ?"

"ታዲያ ለምን ይመልሷቸዋል?"

አባ ወደ በሬው አዩ። በሬው ከግንዱ ሥር ያመነዥካል፤ ቀይ ነው፣ ስሙ ደማም ነው። "የያዝኩትን ልስጥ፣ ያልያዝኩትን ከየት አምጥቼ ልስጥ?" አሉ።

በዚህ ጊዜ ነደደኝ። "ልብስ ሰፊ ስለሆነ ነው! የተማረች ልጅ ለልብስ ሰፊ አልሰጥም ነው! እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ባልተማርኩ!" ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ጠይሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ወደ ማሳው ሄዱ።

ማታ እማ ልታጽናናኝ አጠገቤ ተኛች። ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ አባ ሲናገሩ ሰማን፤ ለብቻቸው፣ ዱዓ እንደሚያደርጉ ሆነው። "ያ ረቢ፣ እኔ በእጄ ነው ያጠፋኋት" አሉ። እማን ምን ማለታቸው ነው አልኳት። "እንጃ ልጄ፣ ካስተማረሽ ጀምሮ እንዲህ ይላል" አለችኝ። አስተምረው አጠፉኝ ማለታቸው ነው። ባልማር ይሻል ነበር ያልኩት ቃል ስንት ጊዜ ይወጋቸው ይሆን? ነገ እግራቸውን ስሜ እሄዳለሁ።

ጥር 11

ስነሳ አባ አልነበሩም። በሬውም አልነበረም።

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ሌሊት ነው ግን ሁሉንም ካልጻፍኩ አልተኛም

ዛሬ የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ። ጠዋት ጁነይድ ደወለልኝ። እየተንተባተበ ነው።

"አባትሽ እዚህ ናቸው።"

"የት?"

"ሱቄ። በርጩማ ላይ። ሰው ጠይቀው ነው የመጡት። የኮታቸው ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፣ ሰፋሁላቸው። 'ልጄን የያዘው መሥሪያ ቤት የቱ ጋ ነው' ይላሉ። ፈትሂያ፣ ምን ይዞሽ ነው?"

በሚኒባስ በረርኩ። ስደርስ አባ የጁነይድን ሻይ ጨርሰው የሚሰፋውን ሱሪ ጫፍ ይዘውለታል። እንደ ቤታቸው! ሲያዩኝ ተነሱ። ስለ ባለፈው እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝና "ተይው፣ ደማምን ሸጫለሁ፤ ዛሬ አስለቅቅሻለሁ" አሉኝ።

"ከምን?"

"ከዕዳው። ሂጂ ምሪኝ።"

የሚያወሩት ስለ ወጪ መጋራቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጁነይድን አብረን እንሂድ አልኩት። ቀለሙ ተለዋወጠ። "እዚያ ቢሮ... እኔ ደንበኛ ይመጣብኛል" አለ። ሱቁ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ቅር አለኝ፣ ግን ጊዜም አልነበረም።

ገቢዎች ቢሮ ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ መነጽር ያደረገች ሴት ቀና ብላ "ምን ልርዳዎት አባቴ?" አለቻቸው።

አባ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "ልጄን ላስለቅቅ መጥቼ ነው።"

"ማን ይዟት?"

"እናንተ።"

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። እኔ አባን አየሁ። አባ ከጋቢው ውስጥ ቀኝ እጃቸውን አወጡና አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አሳዩዋት። "በዚህ ነው ያስያዝኳት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዋስ ሁን አሉኝ፤ ማንበብ አላውቅም፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ አኖርኩ። ሞላ የሚባለው የቀበሌው ጸሐፊ 'በል እንግዲህ አባ ሸረፈዲን፣ ከፍላ እስክትጨርስ ልጅቱ የመንግሥት ናት' አለኝ። እሺ አልኩ። ትማር ብዬ ነው። አሁን ሰው በኒካህ ይጠይቀኛል። በመያዣ ያለን ነገር እንዴት ለሰው እሰጣለሁ? ሐራም ነው። በሬም ቢሆን ሳይለቀቅ አይሸጥም። ሰዎቹን ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። ምክንያቱን ለማን እነግራለሁ? ልጄን አስይዤ አስተማርኳት ልበል?"

ከኋላችን ያለው ሰውዬ ሊስቅ ሲል የሆነች ሴት በክርኗ ጎሸመችው።

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ መጣብኝ፤ "በእጄ ያለውን"፣ "መንግሥት ምን አለሽ"፣ "በእጄ ነው ያጠፋኋት"። እኚህ ሰውዬ ይህን ሁሉ ዓመት ልጃቸውን እንደ መሬት አስይዘው፣ ብቻቸውን ተሸክመውት ኖሩ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ንቀው ነው ብዬ ጮህኩባቸው።

ሴትዮዋ ከጠረጴዛዋ ተነስታ ዞራ መጣች። "አባቴ፣ ይስሙኝ። መንግሥት ያበደረው ገንዘብ ነው። ልጅ አልያዘም። ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል፣ በቃ። ትዳር አይከለክልም። እኔ ራሴ ዕዳዬን ሳልጨርስ ነው ያገባሁት፤ ሁለት ልጆች አሉኝ።"

አባ አሰቡ። "ልጆቹስ የማን ናቸው?"

"የኔ ናቸው አባቴ!"

"ወላሂ?"

"እመብርሃንን!"

አባ ቢሮው መሐል "አልሐምዱሊላህ" ብለው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ይስቃሉ። ሰልፉም ሳቀ፣ ያ ሰውዬም ሳቀ፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይተው ገንዘቡን አወጡና "ለማንኛውም ልክፈለውና ይለይልኝ" አሉ። እጃቸውን ያዝኩ። "አባ፣ የተማርኩት እኔ ነኝ፣ የምከፍለው እኔ ነኝ። እርስዎ በምን ሊያርሱ ነው?" አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ይቀነስለት እንደነበርም ነገርኳቸው፤ ለምን እንደነገርኳቸው እንጃ፣ ምናልባት አንድ ሰው እንዲናደድልኝ ፈልጌ ይሆናል።

"ላለው ሰው ነው የሚቀነሰው?" አሉ።

"አዎ።"

ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "ልጄ፣ እኛ ጋ ዝናብ ሲጠፋ ለደኸየው ነው የምንቀንስለት። እናንተ ጋ ተገልብጧል።"

"እኔ አላወጣሁትም አባቴ" አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ለላቦራቶሪውም ሥራ ጠየቅኳት፤ ጊዜያዊውን ዲግሪ ይዘሽ፣ ከደመወዝሽ እንዲቆረጥ የስምምነት ደብዳቤ ከኛ አጽፈሽ ሞክሪ፣ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ አለችኝ። እስከዛሬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም ነበር። አባ ማንበብ ሳይችሉ ጠየቁ፣ እኔ ማንበብ እየቻልኩ ቤቴ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ።

ከቢሮው ስንወጣ አባ ቆም አሉ። "አንቺ ካልተያዝሽ ወረቀቱን ራስሽ አውጪው። እኔ ደማምን ላውጣ" አሉኝ።

ለከሰዓት ፈረቃ ዘግይቼ ገባሁ። ጋሼ ሸዋዓለም ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

ጥር 20

እማ ደወለች። ጀሚል በሬውን መልሶላቸዋል! ገዢው ጀሚል የሐይቅ መንገድ ሰው ነው፤ አባ ሄደው ሁሉንም ነገሩት፣ ገንዘቡን እንኳ ሳይቆጥር ተቀብሎ ገመዱን አስጨበጣቸው። "የጸጸተውን ሻጭ መመለስ ከአላህ ዘንድ አጅር አለው" አለ አሉ።

እማ ትስቃለች። "ደግሞ እኮ ሲሸጥለት 'ውርጭ ሲሆን በግራ እግሩ ያነክሳል' ብሎ ራሱ ነግሮት ነው! አባትሽ እኮ ነውሩን ሳይናገር የሸጠው ነገር የለም፣ ለዚህ ነው ሁሌ የሚከስረው።"

ለአያ ዘካሪያ መልእክት ተልኳል። ኑ ተብለዋል።

ጥር 23

ሄዱ። እሺ ተባሉ! ኒካሁ የካቲት መባቻ፣ እሑድ።

ለጁነይድ ደውዬ ስነግረው እሱ ቀድሞ ሰምቷል። ደስ ብሎታል፣ ግን ከደስታው ሥር የሆነ ነገር አለ። "ፈትሂያ፣ ከኒካሁ በፊት የምነግርሽ ነገር አለኝ" አለ። "ንገረኛ!" ስለው "በአካል" አለኝ። ሰርቪስ እየጠራኝ ነበር።

ሌላ ሴት? ነጂባ "ስንት ነገር እያለ ሴት ብቻ ነው የሚታይሽ" አለችኝ።

ጥር 27

ላቦራቶሪው ተቀብሎኛል!! በጊዜያዊው፣ በስምምነት ደብዳቤው። በየወሩ ይቆረጣል። አልጣሽ "ከነገ ወዲያ ሰላም አትይኝም" ብላ አኮረፈች፤ አቅፌ ሳምኳት። ጋሼ ሸዋዓለም "አሁን ከፋይ ሆንሽ። እንኳን ወደኛ መጣሽ" አሉኝ።

ጁነይድ ዛሬም አልመጣም። ደንበኛ በዛብኝ ይላል።

የካቲት 1፣ እሑድ፣ ቢስቲማ

እኛ ሴቶቹ ጓዳ ነበርን፤ እማ፣ ነጂባ፣ አክስቶቼ። ወንዶቹ ሳሎን። መሐላችን መጋረጃ ብቻ ነው። ፈቃዴን ጠይቀውኝ "እሺ" ብያለሁ፤ ከሱ የሚሰጠኝ መህሬም ተነግሯል። ሸኹ አባን "በል ሸረፈዲን፣ እጁን ያዝ" አሉ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። አባ የጁነይድን እጅ ይዘዋል፣ የአባ አውራ ጣት ከላይ ነው።

አባ ግራ እጃቸውን አነሱ። ሸኹ ጠበቁ።

"ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር" አሉ አባ። "ሰው በሬ ሲሸጥ እንኳ ነውሩን ተናግሮ ነው። ልጄ ዕዳ አለባት። የተማረችበት ነው። ገና ብዙ ትከፍላለች። ምስክሮች ስሙ፤ ኋላ ደብቆ ሰጠን እንዳትሉኝ።"

እማ "ወይኔ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። አያ ዘካሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። ሁለት ጊዜ የተመለሱ ሰዎች ሰበብ ከፈለጉ ይኸው ሰበብ።

ከዚያ ጁነይድ "እኔም አለብኝ" አለ።

"ምን አልክ?" አሉ ሸኹ።

"እኔም ዕዳ አለብኝ። ያንኑ ዕዳ። ሁለት ዓመት ተምሬ የለ? ያቋረጠም ይከፍላል።" "ለእሷ ልነግራት ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አፈርኩ። የእሷ ዕዳ ዲግሪ አለው። የኔ ምንም የለውም፣ ባዶ ዕዳ ነው። እዚያ ቢሮ ደጃፍ በፍጹም አልፌ አላውቅም፣ መንገድ ቀይሬ ነው የምሄደው።"

ያ ባዶ ጨርቅ፣ ያ ወደፊት ወደኋላ። እኔ እኮ እያሰላኝ ነው ብዬ ነበር። ጓዳ ውስጥ የሳቅሁ ይመስለኛል፤ ነጂባ አፌን ያዘችኝ።

አባ የልጁን እጅ አልለቀቁም። እያዩት፣ እያዩት ቆዩና፣ ከዚያ ያን የቢሮውን ሳቅ ሳቁ።

"ሰው ሁሉ አቻዋ አይደለም ሲለኝ ነበር" አሉ። "እንዲህ ያለ አቻ ከየት ይገኛል? ሰጥቻለሁ!"

እማ እልልታዋን ስታቀልጠው በሬው ከደጅ አብሯት ጮኸ።